ፈቃዴ እስኪመጣ

ሐኪም ሆኜ ሐኪም ያልሆንኩበት አንድ ዓመት ገደማ አለ። ዲግሪ ነበረኝ፤ ግን ጊዜያዊ ነው። የፈቃድ ፈተናውን አልፌያለሁ፤ ግን ውጤቱ ከስልኬ ላይ ወርዶ ማኅተም ያለው ወረቀት እስኪሆን ክረምት ገባ። ሰፈሩ በሙሉ ዶክተር ይለኛል። መንግሥት ግን ገና ምንም አላለኝም። ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም የምለብሰው ሁሉ የተማሪ ልብስ ነው።

የምኖረው ዓባይ ማዶ፣ ከባጃጅ ተራው ጀርባ ባለው ሰፈር ከአባቴ ጋር ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ የሁለታችን ነው። ሁለታችንም ዝምታ አይከብደንም። ያን ዓመት ግን ዝም ያልነው ስለደከመን ነበር።

ዩኒቨርሲቲ የገባን ጊዜ የወጪ መጋራት ውል አስፈርመውናል። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ የምሳ ሰዓት ደርሷል። ከፊቴ የነበሩት ሁሉ ሳያነቡ ፈረሙ፤ እኔም ፈረምኩ። ማንበብ የጀመርነው ስንመረቅ ነው። ለትምህርቱ፣ ለምግቡና ለመኝታው የወጣብን ተቆጥሮ ተቀምጧል፤ እሱ ሳይከፈል ዋናው ዲግሪ ከመዝገብ ቤት አይወጣም። ለመክፈል ደሞዝ ያስፈልጋል፤ ለደሞዙ ሥራ፣ ለሥራው ደግሞ የሙያ ፈቃድ። አብሮኝ የተመረቀ አንድ ልጅ ወንድሙ ሱቅ ገብቶ ስልክ መጠገን ጀመረ። ደንበኞቹ የተሰበረ ስልካቸውን እያቀበሉት “ዶክተር፣ ይተርፋል?” ይሉታል። መጀመሪያ ላይ አብሯቸው ይስቅ ነበር።

ከጣና ሐይቅ ወዲያ ያለ አንድ ወረዳ ለጤና ጣቢያው ሐኪም ሲፈልግ ማስታወቂያውን ያየሁት በዚያ ሰሞን ነው። ሦስት ዓመት ላገለገለ እዳው ይሰረዝለታል፣ ዋናው ዲግሪም ይሰጠዋል ይላል። ሳላምን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ይህን እንኳ ሳላነብ አልፈርምም ብዬ። አመለከትኩ፤ ተቀበሉኝ። “ቦታው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይጠብቅሻል። ፈቃድሽን ይዘሽ ነይ” አሉኝ። ከዚያ ካለፈ ለተጠባባቂዋ ይሰጣል። እንግዲህ የሰባት ዓመት ትምህርቴም፣ እዳዬም፣ የነገ እንጀራዬም አንድ ወረቀት ላይ ተንጠለጠሉ።

አሁን ስለ አባቴ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ይህ ታሪክ የለም።

አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከዚያም በፊት፣ በዚያም ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ ግን ወጌሻ ነበር። ከአባቱ የወረሰው ነው። ማለዳ ከአስራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት በረንዳችን ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ሰው አጥቶ አያውቅም ነበር፤ ከመሸንቲ ገበያ ሲመለስ ከጋሪ የወደቀ፣ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት፣ ከጢስ ዓባይ በሚኒባስ ተጭኖ የመጣ። እኔ ያደግኩት የሰው አጥንት ቦታው ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ እየሰማሁ ነው። ሕክምና ትምህርት ቤት ስገባ ሁሉም አባትሽ ኮርቷል አሉኝ፤ እሱ ግን “እስቲ የኔን ስህተት ፈልጊልኝ” ነበር ያለኝ።

ፈለግኩለትም። ሦስተኛ ዓመት ሆኜ ለእረፍት ስመጣ ሸንበቆውን በአንድ ሰው ክንድ ላይ አጥብቆ ሲያስር አየሁና በሰው ፊት ተቆጣሁት። “ጣቱ ሲጠቁር ምን ልታደርግ ነው?” አልኩት። ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ጥፍሩን ተጭኖ ደሙ መመለሱን ሳያይ ማንንም አላሰናበተም። አጥንቱ ቆዳ በስቶ የወጣበት ሰው ከመጣም እጁን አያስጠጋም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። እኔም በበኩሌ ከእሱ ተምሬያለሁ። የወለቀ ትከሻ ሲመልስ በሽተኛውን ምንጣፍ ላይ ያስተኛና ተረከዙን ብብቱ ስር አድርጎ እጁን ቀስ ብሎ ይስባል፤ እየሳበ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጅ ያወራዋል፤ ሰውየው ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ትከሻው ይገባል። በኋላ መጽሐፌ ውስጥ ያየሁት ሥዕል ከዚህ የሚለየው ሐኪሙ ካልሲ በማድረጉ ብቻ ነው።

ዋጋ የለውም። ከበሽተኛ ገንዘብ መቀበል እጅን ያበላሻል ይላል፤ እውነት ይሁን ልማድ አላውቅም። የተሻለው ሰው ግን ተመልሶ መጥቶ መመረቅ አለበት። አባቴ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ የዳነው ሰው ከፊቱ ቆሞ ሁለቱንም እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይመርቀዋል። ልጅ ሆኜ ይህን ሁሉ ትሕትና መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ሲመረቅ ዓይኑ የት እንደሆነ ልብ ብዬ አየሁ። የሚያየው እጁን ነው። ክንዱ እኩል ወጣ? ክርኑ ተዘረጋ? ትከሻው ወደ ኋላ ሄደ? አንዱ እጅ ከሌላው ዝቅ ካለ ምርቃቱን ያስቆምና “ገና ነህ፤ ቅባው፣ ተመለስ” ይለዋል። እኩል ከወጣ “አሜን” ይላል፤ በሽተኛው ተሰናበተ ማለት ነው። ምርመራው ይኸው ነበር።

ነሐሴ ላይ የጤና ተቆጣጣሪ መጣ። ሰፈሩ ውስጥ ጥቆማ ሰጪ ነበር መሰለኝ፤ እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ለማወቅም አቅሙ የለኝም። ልጁ ጨዋ ነው፤ የጫማውን ጭቃ በር ላይ ጠርጎ ነው የገባው። ያየውን ላስቆጥራችሁ፤ አግዳሚው ላይ አምስት ሰው ተቀምጧል። አንደኛው “ዶክተር፣ ውኃ ስጭኝ” ይለኛል። ከበስተጀርባዬ የልብስ ገመዱ ላይ አጥቤ የሰቀልኩት ነጭ ጋወን ይወዛወዛል። እኔ ብሆንም ያለ ፈቃድ የተከፈተ ክሊኒክ ነው ብዬ እጽፍ ነበር።

“የምታክሚው አንቺ ነሽ?” አለኝ።

“እኔ ውኃ ነው የማቀብለው” አልኩት። አልሳቀም።

አባቴ ተነስቶ እጁን አሳየው። “ልጄ፣ ይኸ ሁሉ የኔ ነው። እሷ አጥንት አትነካም። ፈቃዷን እየጠበቀች ነው” አለው። ልጁ ማስታወሻውን ጻፈ። ሲወጣ ግን በር ላይ ቆም ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረን፤ ፈቃድ ሲወጣ በሕገወጥ ሕክምና አለመሠማራቴን የሚገልጽ ደብዳቤ ከእነሱ ቢሮ ይጠየቃል፤ ቤቱ እንዲህ ሰው እየተሰበሰበበት ማን እንዳከመ ማጣራት ስለማይቻል ደብዳቤውን የሚጽፍልኝ የለም። ክፉ ልጅ አልነበረም። እንዲያውም ሳይነግረን ቢሄድ ይችል ነበር።

 በማግሥቱ ማለዳ ስነሳ በረንዳው ባዶ ነው። አባቴ አግዳሚውን ብቻውን ጎትቶ እንጨት ቤት ውስጥ ገልብጦ አስቀምጦታል፤ ሸንበቆዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ በላዩ ላይ ጭኖበታል።

“አባባ፣ ምን አደረግህ?”

“እጄን ሰበሰብሁ።”

“ለጥቂት ጊዜ ቤት ቀይረህ…”

“የት? ሰው እጄን ተከትሎ ይመጣል እንጂ ቤቱን አይደለም። አርባ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ይበቃል። የአንቺ ወረቀት ይውጣ።”

ልከራከረው ይገባ ነበር። አልተከራከርኩትም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም አፈርኩ።

ካርቶን አምጥቶ “እዚህ ቤት ሕክምና አይሰጥም” ብዬ እንድጽፍበት አዘዘኝ፤ በር ላይ ሰቀልነው። ከዚያ በፊት ወጌሻ መኖሩን የማያውቅ መንገደኛ ሁሉ እያነበበ ምን ዓይነት ሕክምና ነበር ብሎ ማንኳኳት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን አወረድነው።

መስከረም በባተ በሁለተኛው ሳምንት ለደብዳቤው ሦስት ሰዓት ላይ ተቀጠርኩ። ያን ጠዋት ማኅደሬን በፌስታል ጠቅልዬ ጫማዬን ሳስር በሩ ተገፋ። ዓሣ የምትሸጠው ሴትዮ ናት። ሁላችንም እናውቃታለን፤ ባሏ ጣና ላይ ዓሣ ያጠምዳል፣ እሷ ጎሕ ሲቀድ ከዳር ተቀብላ ሳፋውን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ድልድዩን ትሻገራለች፤ በየቤቱ ትሸጣለች። የባሏን እግር የጠገነው አባቴ ነው። የዚያን ቀን ግን ሳፋዋን የያዘው የባጃጅ ሹፌር ነበር። እሷ ቀኝ ክርኗን በግራ እጇ ደግፋ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። ሻርፗ ጭቃ ሆኗል። ከትከሻዋ ጫፍ ላይ ያለውን ክብ ፈለግሁት፤ የለም። አይቼ ጨረስኩ። አባቴም አይቶ ጨረሰ።

“ጋሼ፣ ጭቃው አንሸራተተኝ። ሳፋውን አልለቅም ብዬ እጄን እንደሰቀልሁ ወደቅሁ” አለች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግን አታለቅስም። “መልሱልኝ እንግዲህ። ዓሣው ይበላሽብኛል።”

ግቢው መሐል ቆምን። የወለቀ ትከሻ መመለስ የሚችሉ አራት እጆች ነበሩን፤ ሁለቱ ከአያቴ የተማሩ፣ ሁለቱ ከትምህርት ቤት። የኔን እጅ ፈቃድ አለመኖሩ ይከለክላል። የእሱን ደግሞ የምጠብቀው ፈቃድ ይከለክላል። አባቴ እኔን አየኝ። መልሼ ባየው ኖሮ አንድ ነገር ይሆን ነበር። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ አየሁ።

“እታለም፣ እጄን ሰብስቤያለሁ” አላት።

“ከመቼ ወዲህ?”

አባቴ ሰውን ከደጁ መልሶ አያውቅም። እኛ አገር ደጅ የመጣን ሰው አይሆንም ብሎ መመለስ ነውር ነው፤ ለጊዜው ነው ይባላል፣ ትንሽ ታገሡን ይባላል፤ የተመለሰውም ይገባዋል። አባቴም እንደዚያው አለሰለሰላት። “የልጄ ፈቃድ እስኪመጣ ነው። እሱ ይምጣ እንጂ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ችግር አለ፣ ይች ቤት ያንቺው ናት። አሁን ሆስፒታል ሂጂ።”

“ፈቃዷ መቼ ይመጣል?”

“ዛሬ ነገ ነው” አላት።

የባጃጁን ሒሳብ ሰጥቼ ሹፌሩን ወደ ሆስፒታል እንዲወስዳት ነገርኩት። “ራጅ ያነሱዎታል፤ ቶሎ ይመልሱታል። ቀላል ነው” አልኳት። የባጃጁ ኋላ ወንበር ላይ ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር። ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። አብሬያት ብሄድ ደብዳቤው ለሌላ ቀን ይዛወር ነበር፤ ሌላ ምንም አይሆንም። ግን ደክሞኝ ነበር፤ ለዚያ ቀጠሮ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ባጃጁ ጉድጓዱ ላይ ሲዘል ሴትዮዋ ድምፅ አሰማች፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

ቢሮው ውስጥ የነበረችው ጸሐፊ ማኅደሬን ገልጣ “ቤታችሁ ሰው ለሕክምና ይመጣል?” አለችኝ።

“አይመጣም” አልኩ።

ማኅተሙን መታችበት። ደብዳቤውን ከማኅደሬ ጋር በፌስታሉ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው፤ ስለ መጠበቅ የሚጻፍ ብዙ ነገር የለም። ሲስተም የለም። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ፈራሚው መጥተዋል፣ ማኅተም የያዘችው ልጅ ፈቃድ ወጥታለች። ፎቶሽ ጀርባው ነጭ አይደለም። ጀርባውን ነጭ አድርጌ ተነሳሁ፤ አሁን ደግሞ ጆሮሽ አይታይም አሉኝ። ጥቅምትን እንዲህ ጨረስኩ። በቴሌግራም ቡድናችን ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ሰው እዳው ለሁሉም ሊሰረዝ ነው ይላል፤ ማን አለ ሲባል ይጠፋል። ስልክ የሚጠግነው ጓደኛዬ አንድ ቀን “እኔ ስሰረዝ ንገሩኝ” ብሎ ጽፎ ከቡድኑ ወጣ።

አባቴ ግን እጁን ምን እንደሚያደርገው አጣ። ጠዋት እንደ ልማዱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳና በረንዳው ላይ ይቆማል። ከዚያ የሰፈሩን የተሰበረ በርጩማ ሁሉ እየሰበሰበ መጠገን ጀመረ። አንዲት ጎረቤት የተሰበረ በርጩማ ስታመጣ ወገቧን ይዛ እንደነበር አይቻለሁ። በርጩማውን ተቀበላት፤ ወገቧን አላየም።

ሌላው የሰለቸኝ ባለ ሱቁ ነበር። መንገዱ ጥግ ላይ ስኳርና ሳሙና የሚሸጥልን ሰው ነው፤ ከመስከረም ወዲህ ባየኝ ቁጥር “ፈቃድሽ መጣ?” ይለኛል። ቅዳሜ ይጠይቀኛል፣ ረቡዕ ይጠይቀኛል። ሰላምታውም ይኸው ሆነ። ሰፈሩ ውስጥ መሳቂያ ያደረገኝ መሰለኝ። ኅዳር ላይ ነው፣ ከቢሮ ባዶ እጄን ስመለስ ደግሞ ጠየቀኝ። “ሲመጣ በማይክ አስነግርልሃለሁ! አንተ ምን አገባህ?” አልኩት። ሳሙናውን ጠቀለለልኝ። “እሽ፣ ቆጣ አትበይ፤ ሰው እየጠየቀኝ ነው” አለ። ሰው የሚለው ሰፈሩን ሁሉ ነው ብዬ ሄድኩ። ማን ብዬ አልጠየቅኩትም።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ መልእክት በስልኬ መጣ፤ ፈቃዴ ወጥቷል። ሄጄ ፈርሜ ተቀበልኩ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ጆሮዬ ሁለቱም ይታያል። ቁጥር አለው። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አውጥቼ አየሁት፤ ደስታው ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ የመጣው እንቅልፍ ነው። ለወረዳው ደወልኩላቸው፤ “ቦታሽ አለ፤ ከጥር አንድ ጀምሮ” አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ድልድዩ ጋ ትንሽ ተቀመጥኩ። ሦስት ዓመት፣ ከዚያ እዳ የለም፣ ከዚያ ዋናው ዲግሪ። ቤት ገብቼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተኛሁ፤ የነቃሁት በማግሥቱ ነው።

ስነቃ አባቴ መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች እያነበበ ነበር። ማታውን ለሰፈሩ ነግሮ፣ በመስታወት አስገብቶት ኖሯል። “ይሰቀል” አለ። ከፍ አድርጎ ለመስቀል የሚቆምበት ፈለገ፤ እንጨት ቤት ገብቶ አግዳሚውን አወጣው። ከነሐሴ ወዲህ ስናየው የመጀመሪያችን ነው። አቧራውን በእጁ ጠረገው፣ ጫማውን አውልቆ ወጣበት፣ ሚስማሩን መታ። ከዚያ ወርዶ ራቅ ብሎ አየው። “ዘመመ?” አለኝ። “አልዘመመም” አልኩት። ያን ጊዜ ተደሰትኩ፤ ለአጭር ጊዜ፣ ግን ከልቤ።

በሩ የተገፋው ያኔ ነው። ዓሣ ሻጯ ናት። ሳፋዋን በግራ እጇ ጎኗ ላይ ይዛዋለች፤ ራሷ ላይ አልነበረም። ቀኝ እጇ ከጎኗ ትንሽ ራቅ ብሎ ተንጠልጥሏል። በሳፋው ውስጥ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ብቻ ነበር።

“እንኳን ደስ ያላችሁ! ባለ ሱቁ ትናንት ማታ ነገረኝ። በየቤቱ መዞሩን ከተውሁ ወዲህ በየገበያው ቀን እየጠየቅሁት ሰውየውን አሰለቸሁት” አለች። ሳፋውን አስቀመጠች። “ይች ለዶክተሬ ናት። አልሐምዱሊላህ፣ ፈቃዱ መጣ። እንግዲህ ይኸን እጄን እዩልኝ።”

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ልክ እንደ ድሮው፣ ተራዋ እንደደረሰ ሰው።

አባቴ መዶሻውን እንደያዘ ነው። “ሆስፒታል አልሄድሽም?” አላት።

“ዓሣው ሊበላሽብኝ ሆነ፤ ባጃጁን ገበያ አውርደኝ አልሁት። ሸጨ ጨርሼ ልሄድ ነበር፤ መሸ። በማግሥቱ ትንሽ ቀለል አለኝ፤ ሰልፉን፣ መመላለሱን አሰብሁት። በኋላማ ምን አስቸኮለኝ? እርስዎ ዛሬ ነገ ነው አሉኝ እኮ። ፈቃዷ ከመጣ ምንም ችግር የለም አሉኝ። እርስዎ ካሉ ብየ ጠበቅሁ።”

አባቴ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።  እርግጥ ሆስፒታል ሂጂ ብሏታል፤ እኔም ብያታለሁ። ግን ከ“ሆስፒታል ሂጂ” እና ከ“ዛሬ ነገ ነው” የትኛውን እንደምታምን እናውቅ ነበር፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሰፈሩን እጁን እንዲጠብቅ ያስለመደው እሱ ነው።

እጄን ታጠብኩና ፊት ለፊቷ ተንበረከክሁ። በፈቃዴ የነካሁት የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ክብ መሆን የነበረበት የትከሻዋ ጫፍ ጠፍጣፋ ነው፤ ጣቴን ሳስገባ ጎድጓዳ አገኘሁ። የክንዷ አጥንት ራስ ወደ ፊት ወጥቶ ደረቷ ላይ ተቀምጧል፤ ዙሪያው ደንድኗል። ጡንቻዋ ቀጥኗል። ትንሽ ላነሳው ሞከርኩ፤ ጥርሷን ነከሰች። በወደቀችበት ጠዋት ስለ ዝናብ እያወራን በጥቂት ደቂቃ የሚገባ ነበር። ሦስት ወር የቆየ በእጅ አይመለስም፤ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል፤ ከዚያም በኋላ ሳፋ ጭንቅላቷ ላይ ማንሳቷን እንጃ።

“እትዬ፣ እዚህ አይሆንም” አልኳት። “ለአጥንት ስፔሻሊስት እጽፍልዎታለሁ። ዛሬውኑ አብሬዎት እሄዳለሁ።”

“አሁንም ሌላ ቦታ?” አለች። ቅሬታ አልነበረባትም፤ መንገድ እንደምትጠይቅ ሰው ነው ያለችው። “ፈቃዱ መጣ አይደል እንዴ?”

“መጥቷል። ዘግይቶ ነው።”

“ፈቃዱ ነው የዘገየው?”

“እኔ ነኝ” አልኩ። ከዚህ ሌላ የማውቀው እውነት አልነበረኝም።

ወረቀት ፈልጌ የማስተላለፊያውን ደብዳቤ ጻፍኩ። ግድግዳው ላይ ቀና ብዬ አዲሱን ቁጥሬን እያየሁ ከስሜ ስር ገለበጥኩት። የመጀመሪያ ፊርማዬ ነው፤ ቀለሙ እንዳይበላሽ ነፋሁበት። ከዚያ ባጃጅ ልጠራ ተነሳሁ።

“ቆይ ልጄ፣ እንዲህማ አይሄድም። ያን ሁሉ ጠብቀሽ ያገኘሽው ነገር ነው። ልመርቅሽ” አለችኝና ተነሳች። አባቴ ፊት ለፊት፣ ወረቀቱ ከተሰቀለበት ግድግዳ ስር ቆመች። ሁለቱንም ልታነሳ ሞከረች። ግራው ወደ ላይ ወጣ። ቀኙ ከወገቧ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ፤ መዳፏ ብቻ ወደ ላይ ዞረ። “እጅሽን አላህ ይባርከው። የነካሽው ሁሉ ይዳን” አለች።

“አሜን” አልኩ።

አባቴ ሲመረቅ ዓይኑ ከሰው እጅ ላይ ተነስቶ አያውቅም ነበር። ያን ቀን አሜን አለና መሬቱን አየ።